ስልሳ ሦስቱ ካርቶኖች

አሰፋሽ አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። ካሳንቺስ ይፈርሳል ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን እየጫነ ወደ ከተማ ዳር ሲሄድ፣ እሷ ከዚህ አካባቢ ንቅንቅ አልልም ብላ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ባሏ ፀሃዬ ያን ሰሞን ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ተኝቷል። ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ምላሱም ተሳስሯል። ስለዚህ ቤቱን ብቻዋን ነቀለችው።

ከሁሉ አስቀድማ የሰበሰበችው የሱን ካርቶኖች ነው። ፀሃዬ ለሃያ ዓመት ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ፊልም ሲያከራይ የኖረ ሰው ነው። ሱቁ ሲዘጋ ሌላውን ሁሉ በትኖ የድሮ የወንጀል ፊልሞቹን ብቻ ቤት አስገባ። ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች የለቀቁለት፣ ለሰብሳቢ ተብለው በየካርቶናቸው አምረው የታተሙ ናቸው፤ ስልሳ ሦስት። ላያቸው ላይ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ያወረደ ሰውዬ፣ ዝናብ፣ ሽጉጥ አለ። ውስጣቸው የፎቶ መጽሐፍ ስላለባቸው እንደ ጡብ ይከብዳሉ። አሰፋሽ አቧራቸውን በየሳምንቱ ትወለውላለች እንጂ አንዱንም ከፍታ አታውቅም። ሰው ሲገደል ማየት ምን ያደርግልኛል ባይ ናት።

ዕቃውን በአይሱዙው ያመላለሰላት ጎረቤቷ ኑሪ ነው። አልጋው አጠገብ ያለውን ምስጥ የበላውን ኮመዲኖ ሲያነሳ ውስጡ ተንኳኳ፤ መሳቢያው ግን ተቆልፏል። መኪናው ላይ ቦታ አለ፣ ቁልፉ ያለው ጋሼ ፀሃዬ ጋ ነውና ለማንኛውም እሳቸውን እንጠይቅ አላት።

«ምላሱ የተያዘ ሰው ላይ ደግሞ ኮመዲኖ ልጫንበት?» አለችው። «የድሮ ደረሰኝ ነው። ተወው ብያለሁ፣ ተወው።»

ተወው። በሦስተኛው ቀን ዶዘር ገባ።

ፀሃዬ ከሆስፒታል ወጥቶ አዲሲቷ ክፍል ሲገባ፣ ካርቶኖቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረው አየና እንባው መጣ። የአሰፋሽ ልብ ሞላ። ሐኪሙ የሚወደውን ነገር እያየ ይናገር፣ ምላሱ ይፈታል ብሎ ስለነበር ኑሪ ከቤቱ ማጫወቻ ዴክ ይዞ መጣ። ፀሃዬ በደህናው እጁ አንዱን ካርቶን ጠቆመ። አሰፋሽ ከፈተችው። መጽሐፉ አለ፣ ሲዲው የለም። ሌላ ከፈተች። አሁንም መጽሐፍ ብቻ። አሥር ከፈተች፤ አሥሩም እንደዚያው።

ቀድሞ የገባው ለኑሪ ነው። ድሮም ቪዲዮ ቤት አሠራሩ እንደዚህ ነበር። መደርደሪያ ላይ የሚታየው ባዶው ካርቶን ነው፤ ደንበኛው ይጠቁማል፣ ሲዲው ከተቆለፈ መሳቢያ ይወጣለታል። ባዶ ካርቶን ሌባ አይነካውም። ሱቁ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ የፀሃዬ እጅ ግን ልማዱን አልለቀቀም።

«ኮመዲኖ» አለ ፀሃዬ።

ከታመመ ወዲህ ሳይሰባበር ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው።

ኑሪ ወለል ወለሉን እያየ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ መኪናው ሞልቶብኝ ነው ማለት ጀመረ። አሰፋሽ አላስጨረሰችውም። በሠላሳ ዓመት ትዳር ተሳስቻለሁ ብላ የማታውቅ ሴት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ውሸቱን ነው» አለች። «መኪናው ቦታ ነበረው። እንጠይቃቸውም ብሎኝ ነበር። ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ዶዘር ሄዶበታል።»

ፀሃዬ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ኑሪ ዴኩን ጠቅልሎ ሄደ። እሷ መጻሕፍቱን በየካርቶናቸው መልሳ፣ ቢቸግራት ስደበኝ አለችው። ሐኪሙ ይናገር ብሏል፣ ስድብም ንግግር ነው፣ በቃ ያሻህን በለኝ አለችው። ትንፍሽ አላለም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንደዚያው።

በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሙ ፀሃዬን አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አውጣ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ አየው። ፀሃዬ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ወደ አሰፋሽ ዞረና፣ ቤት ውስጥ ጭራሽ አይናገርም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ምላሱስ ድኗል» አለችው።