አራትን የዋጠው መምህር

ምናልባት መምህሩ የሚያስታውሰው ተሳስቶ ይሆናል፣ ማክሰኞ ነው ይላል ለራሱ፣ ረቡዕም ሊሆን ይችላል፣ ብቻ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ሕፃናቱ ክብ ሠርተዋል፣ ዳይሬክተሯ ከኋላ፣ ጉልበታቸውን ከአገጫቸው በምታገናኝ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ይወስናሉ። ጭጬ ትንፍሽ ካላለች አንደኛ ክፍል የለም፣ አጸደ ሕፃናቱን ትደግማለች። ጭጬ ያሏት ጓደኞቿ ናቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም፣ ጠዋት በር ላይ እናቷ፣ ቲቸር፣ ዛሬስ ትናገርልህ ይሆን፣ አይዞሽ እህቴ፣ ትናገራለች፣ ብሏታል፣ ማን ቃል ግባ አለህ፣ ዲፕሎማህ ላይ ነቢይ የሚል አለ እንዴ።

ግን ዘዴው ዘዴ ነው። ልጅ አዋቂን ማረም ይፈራል፣ ከካልሲ የተሰፋች ጥንቸልን ግን ማን ይፈራል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ጥንቸሏን እጁ ላይ ያጠልቃታል፣ እሷ ትሳሳታለች፣ ልጆቹ ያርሟታል፣ ሁሉም በእቅድ፣ ስህተቱ ሳይቀር ተጠንቶ።

ተረጋጋ። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶ አወጡ፣ ለምን አወጡ፣ ገና ምን አይተው፣ ጀምር እንግዲህ፣ ድምፁን ያቀጥናል፣ ለመቁጠሪያ የተደረደሩትን የጠርሙስ ክዳኖች አንድ በአንድ እየገፋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣

ጸጥታ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አራትን ዋጠቻት ብለው ጣራውን ያነሱት ነበር፣ ምን ነካቸው፣ ዳይሬክተሯ ከመነጽራቸው በላይ ያዩታል፣ አንዱ ልጅ ጎኑ ላለው ያንሾካሹካል፣ ቲቸር አራትን አያውቃትም፣ ዝም በል፣ ነውር ነው። ያኔ ወደ እጁ ያያል። ባዶ። ጥንቸሏ መደርደሪያው ላይ ጆሮዋን ጥላ ተኝታለች፣ እና እሱ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ በቀጭን ድምፅ፣ በአለቃው ፊት፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ፣

ጭጬ ትነሳለች። ቀሚሷን ከኋላ እያራገፈች ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች፣ ጥንቸሏን ታወርዳለች፣ ሳትጠይቅ እጁን ይዛ ታጠልቅለታለች፣ አውራ ጣቱ አልገባ ሲል ጎተት አድርጋ ታስተካክልለታለች፣ ልክ እናት ለልጇ ጓንት እንደምታለብስ፣ ከዚያ፣

በል አሁን ተሳሳት።

በል ነው ያለችው ወይስ እሺ፣ እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለም፣ ድምጿ ግን ጎርነን ያለ ነው፣ የእቁብ ሰብሳቢ ድምፅ፣ ክፍሉ ይደበላለቃል፣ ቲቸር ጭጬ ተናገረች፣ ሰማህ፣ ተናገረች፣ እሷ ግን ለወሬ ጊዜ የላትም፣ ቆማ ትጠብቀዋለች። ይሳሳታል። በደስታ ይሳሳታል። ሦስት፣ ሰባት፣ አይደለም፣ አራት፣ ትላለች። ዳይሬክተሯ ሊነሱ ይታገላሉ፣ ወንበሯ አብራቸው ትነሳለች፣ አንተ ልጅ፣ ይህን አስበህበት ነው፣ አዎ ልበል፣ አይ፣ እውነቱን እትዬ፣ ጥንቸሏን ረስቼ ነው፣ ከት ብለው ይስቃሉ፣ በል እንግዲህ አልፎ አልፎ እርሳት፣ ልጅቷ ታልፋለች።

ከክረምቱ ረጅም እረፍት በኋላ የአንደኛ ክፍሉ መምህር ኮሪደር ላይ ይይዘዋል፣ ስማ፣ ያቺ ልጅህ፣ በተማሪ ፊት፣ ተሳስተሃል ትለኛለች፣ ሰሌዳው ላይ የሳልኳቸው ወፎች ሰባት ናቸው ብዬ ስጽፍ ስድስት ናቸው ብላ ድርቅ፣ ከአንተ ነው የለመደችው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደዚያ መምህር ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ የተሳሉትን ወፎች በጣቱ እየነካ ይቆጥራል፣ እንደገና ከኋላ ጀምሮ ይቆጥራል።

ስድስት ናቸው።