በካሌንደር የተለበደው መጽሐፍ

"ፋንቱዬ፣ እኔ እኮ ያልኩሽ ይህን አይደለም፣" አለች ሃሊማ፣ መጽሐፉን በኪዮስኩ ባንኮኒ ላይ መልሳ እየገፋች። "ስለ ትዕግሥት ነው የሚያወራው። ትዕግሥት ከሆነማ ጤና ጣቢያ ተረኛ መሆኑ ይበቃኛል።"

ፋንቱ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ አድርጋ አየችና ደነገጠች። ሽፋኑ የተለበደበት ወረቀት የቤተ ክርስቲያኗ የአምና ካሌንደር ነው፤ የለበደችውም ራሷ ናት። ውስጡ ግን ለሃሊማ ያስቀመጠችላት "የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ" የተባለው ልቦለድ አይደለም።

"ወይ ጉዴ!" አለች ግንባሯን ይዛ። "እትዬ አደይ!"

"ምን ሆኑ?"

"ያንቺን መጽሐፍ ሰኞ ዕለት ለእሳቸው ሰጥቻቸዋለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሴቶች ኅብረት ሊያስተምሩበት ነው!"

ሃሊማ መጀመሪያ ሳቀች። የፋንቱን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች።

የሚያስቅ ነገርማ አልነበረም። የፋንቱ ኪዮስክ ወልቂጤ ውስጥ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር ተያይዛ የተሠራች ናት። መንፈሳዊ መጻሕፍት እንድትሸጥባት የሰጣት የሴቶች ኅብረቱ ነው፣ የኅብረቱ ሰብሳቢ ደግሞ እትዬ አደይ ናቸው። ፋንቱ መንፈሳዊ መጻሕፍቱን ትሸጣለች። ከእነሱ ጎን ለጎን ደግሞ ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልቦለዶችን ታከራያለች። ይህን እትዬ አደይ አያውቁም። የኅብረቱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ግን በደንብ ያውቃሉ፤ ተከራዮቹ እነሱ ናቸውና።

ካሌንደሩን ያመጣውም የእነሱ እፍረት ነው። ሽፋኑ ላይ የተቃቀፉ ወንድና ሴት ያሉበትን መጽሐፍ ይዞ በቤተ ክርስቲያን በር ማለፍ ለማን ይቀላል? ፋንቱ የተረፉትን የአምና ካሌንደሮች እየቀደደች ሁሉንም ልቦለድ ለበደቻቸው። መንፈሳዊዎቹን ግን አትለብድም ነበር። ባለፈው ሳምንት የትዕግሥቱ መጽሐፍ ሽፋን ተቀደደና እሱንም በዚያው ወረቀት ለበደችው። ሰኞ እትዬ አደይ በጥድፊያ መጥተው እሱን ሲጠይቋት፣ ከሌላ ደንበኛ ጋር እያወራች እጇን ወደ መደርደሪያው ላከችና ያገኘችውን አቀበለቻቸው።

ፋንቱ ያላነበበችውን መጽሐፍ አታከራይም። ባሏ ለሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው በቀረባቸው ዓመታት አቁመው ያኖሯት እነዚህ መጻሕፍት ናቸው። የሚወዱትን ሰው መጠርጠር፣ እየጠረጠሩ መውደድ፣ በመጨረሻ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ምን እንደሚመስል ከእነሱ ተምራለች። ስለዚህ ስትመርጥ ለራሷ እንደምትመርጥ ነው። ደንበኛ ሲመጣ "ዛሬ ቤት የተጣደ ወጥ አለ?" ብላ ትጠይቃለች። አለ ከተባለ አትሰጥም፤ ያርራል። የለም ከተባለ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች በቃሏ ትተርክና ልክ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ዝም ትላለች። ያኔ መጽሐፉን ሳይዝ የሚሄድ የለም። ለሃሊማም ያንን የተረከችላት እንዲሁ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴት የሰርቪስ ቤቷን ለአንድ ዝምተኛ ሰው ታከራያለች፣ ትወደዋለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ኮቱን ልታጥብ ስታነሳ ኪሱ ውስጥ ሁለት መታወቂያ ታገኛለች። ፎቶው አንድ ነው፣ ስሙ ግን ሁለት።

ፋንቱ እትዬ አደይ ስልክ ላይ ደወለች። ያነሳችው ምራታቸው ሜሮን ናት። "ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ረስተውት ሄደዋል። በጠዋት የሚሸጡትን ቅቤ ሊገዙ አገና ገበያ ወጡ፣ በዚያው ቀጥታ ወደ ኅብረቱ ነው የሚመጡት። ምነው በሰላም?"

"በሰላም ነው፣" አለች ፋንቱ፤ ሰላም ግን አልነበራትም።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች ሃሊማ።

"አዳራሹ ሳይገቡ እደርስባቸዋለሁ። ሰው ፊት ከፍተው ሲያነቡት ቁጭ ብዬ አላይም።"

ኪዮስኳን ቆልፋ መናኸሪያ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ገና ነበር። ከአገና የመጣች የመጀመሪያዋ ሚኒባስ ተሳፋሪዎቿን አራገፈች፤ እትዬ አደይ የሉም። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ፋንቱ በፀሐይ ላይ ቆማ እያንዳንዱን የሚወርድ ነጠላ ትመረምራለች። ከኪዮስኩ ቢያስወጧትስ? ሌላ ሥራ አይጠፋም፤ ሌላ እንዲህ ያለ መደርደሪያ ግን ከየት ይመጣል?

ሦስተኛዋ ሚኒባስ ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ቆመች። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። ሹፌሩ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ይጮሃል።

"እናቴ፣ ወልቂጤ ደርሰናል! ይውረዱ እንጂ!"

ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ጣት ወደ ላይ ቀጥ አለች። "አንዴ ቆይ ልጄ። ይህቺን ምዕራፍ ልጨርስ።"

ፋንቱ በመስኮቱ አጮልቃ አየች። እትዬ አደይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤያቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በካሌንደር የተለበደው መጽሐፍ ላይ አቀርቅረዋል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። መጽሐፉን ጥርቅም አደረጉት።

ወርደው ቅቤውን ፋንቱን አሸከሟትና ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ወሰዷት።

"እትዬ አደይ፣ ተሳስቼ ነው። የእርስዎ ይኸውና፣" አለች ፋንቱ የትዕግሥቱን መጽሐፍ እያወጣች።

"መሳሳትሽንማ ሰኞ ማታ አሥረኛው ገጽ ላይ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልመለሱልኝም?"

"ሴትዮዋን ከዚያ ሰው ጋር ብቻዋን ትቼያት ልምጣ?" አሉ እትዬ አደይ ተቆጥተው። ከዚያ ማንን እንደተቆጡ የጠፋቸው ይመስል መነጽራቸውን አወለቁ። "በዚህ ወረቀት የለበድሽው ስንት አለሽ?"

ፋንቱ መዋሸት ትችል ነበር። "ሃያ ስምንት፣" አለች።

"እነማን ናቸው የሚያነቡት?"

"እሱን አልነግርዎትም።"

"ምን አልሽ?"

"የራሴን ይጠይቁኝ፣ ሁሉንም እነግርዎታለሁ። የሰው ስም ግን ከእኔ አፍ አይወጣም።"

እትዬ አደይ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። "እኔ እኮ ይህን ካሌንደር በየሴቶቹ ቦርሳ ውስጥ እያየሁ፣ መንፈሳዊ መጽሐፍ መስሎኝ፣ ባለፈው ወር ጉባኤ ፊት አስጨብጭቤላቸዋለሁ! መሳቂያ አደረጋችሁኝ።" ድምፃቸው ተሰበረ። የተቆጡ ብቻ ሳይሆን የተጎዱ ሴት መሆናቸውን ፋንቱ ያኔ አየች፤ አፈረችም። "እኔ ቅቤዬን በቅጠል ጠቅልዬ ስሸጥ፣ ቅቤ ነው ብዬ ነው የምሸጠው። አንቺ ግን የጠቀለልሽው ምን እንደሆነ አልተናገርሽም። ያች የመጽሐፉ ሴትዮ ስታለቅስ ያደረችው ሰውዬው ድሃ ሆኖባት ነው? ስለደበቃት አይደለም እንዴ?"

ፋንቱ ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብባ፣ ለስንት ሰው መክራ፣ መደበቁን ግን በራሷ መደርደሪያ ላይ አላየችውም።

"እውነትዎን ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣" አለች። "ዛሬ ለኅብረቱ ራሴ እናገራለሁ።"

"ኮሚቴው ኪዮስኩን አስረክቢ ቢልሽስ?"

"አስረክባለሁ። መጻሕፍቱን ግን አልጥላቸውም፤ መጥፎ ነገር ናቸው ብዬም አልናገርም። ክፉ ሥራዬ መደበቄ ነው እንጂ ማንበቤ አይደለም።"

እትዬ አደይ መጽሐፉን መለሱላት፤ ከእጃቸው ግን ቶሎ አልለቀቁትም። "አርባ ገጽ ቀርቶኝ ነበር፣" አሉ በቀስታ፣ ቅቤያቸውን ተቀብለው እየሄዱ።

ፋንቱ ኪዮስኳን ከፍታ ወዲያው ሥራ ጀመረች። ካሌንደሩን ከአንዱ መጽሐፍ ላይ ገፈፈችው፣ ከሌላውም፣ ከሌላውም። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያለው ወረቀት እግሯ ሥር ተከመረ። የተቃቀፉት፣ በር ሥር የሚያደምጡት፣ ሽጉጥ ይዘው የሚያለቅሱት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን አዩ። ፊት ለፊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አዙራ ደረደረቻቸው።

ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ሁለቱ አይተው መሬት መሬት እያዩ አለፉ። አንዷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠግታ ሮጥ ሮጥ አለች። ማንም አልቆመም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን እትዬ አደይ መጡ። መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ አዳራሹን ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያንን ስጪኝ። ሰውዬው ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ፋንቱ "የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ"ን አቀበለቻቸው። ሽፋኑ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት በመጋረጃ ታጮልቃለች።

"ጥቁር ፌስታል የለሽም?"

መሳቢያው ውስጥ አንድ እስር ሙሉ ነበር። ፋንቱ እጇን መሳቢያው ላይ ጣል አደረገች፤ ግን አልሳበችውም።

"አለኝ እትዬ አደይ፤ ለዚህ ግን አልሰጥም።"

እትዬ አደይ አፈጠጡባት። ከአዳራሹ የመዝሙር ድምፅ ተነሣ። መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጋር ሸጎጡትና፣ "ኪዮስኩን ዝጊና ተከተይኝ፤ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣" ብለዋት የሽፋኑን ባለቀይ ቀሚስ ሴት በአዳራሹ በረንዳ ላይ ላሉት ሁሉ እያሳዩ ወደ ውስጥ ገቡ።