በዝርዝሩ ላይ አሥራ ሰባተኛዋ

1.

«በሳምንት ሦስት ቀን ተንከባካቢ ትመጣልዎታለች» አለችኝ ቤታችን ለቆጠራ የመጣችው ልጅ፣ ዓይኗን ከታብሌቱ ሳትነቅል።

«ማን ናት የምትመጣው?»

«ተንከባካቢ። ታጥብዎታለች፣ ልብስ ትቀይርልዎታለች፣ ታገላብጥዎታለች። ዘጠኝ ወር ሆኗታል።»

እህቴ የሺመቤት ትከሻዬን እያሸችኝ ነበር። እጇ ቆመ።

2.

ከመቀጠሌ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ቅጽ ስለለመድኩ በቅጽ ይሁን።

ስም፦ ንግሥት ታረቀኝ።

ዕድሜ፦ አርባ ሦስት።

ሥራ፦ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈታይ ነበርኩ።

የጉዳት ዓይነት፦ ከስድስት ዓመት በፊት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠ። ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም።

የምትንከባከበኝ፦ ታላቅ እህቴ የሺመቤት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ። ከአልጋ አንስታ ዊልቸር ላይ ስታስቀምጠኝ ወገቧ ይንቋቋል። «አመመሽ?» ስላት «አንቺ ነሽ የከበድሽው» ብላ ትስቃለች። እሷን «አመመሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ግን እስካሁን አላየሁም።

3.

ቆጣሪዋ ረድኤት ትባላለች። ገና ሥራ መጀመሯ ነው። የተነጋገርነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ረድኤት፦ ሲስተሙ ላይ «አገልግሎት ያገኙ» ውስጥ ነዎት።

እኔ፦ ሲስተሙ አጥቦኝ ያውቃል?

የሺመቤት፦ ልጄ፣ ሌላ ንግሥት ትሆናለች።

ረድኤት፦ አይደለም እማማ። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት። የአባት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ሁሉም የእሳቸው ነው።

(ታብሌቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች።)

ረድኤት፦ መጀመሪያ ዓምዱ «ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው» ነበር የሚለው። ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ «ድጋፍ ያገኙ» ሆኗል።

እኔ፦ ስንት ሰው ነው እንዲህ የተገለበጠው?

ረድኤት፦ አላውቅም። የዚህ ቀበሌ ዝርዝር ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል።

4.

ተለጥፏል።

5.

የሺመቤት ሄዳ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። እኔ ስልክ ቁጥር ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን፣ ከእድር ዳኛው፣ ከጎረቤት ለቃቀምኩና ሰባት ቀን ሙሉ ደወልኩ።

ተራ ቁጥር 3። ዓይነ ስውሩ አቶ ወልደየስ። «ተንከባካቢ? ሚስቴን ማለትሽ ነው? እሷን የሰጠኝ እግዜር ነው፣ መንግሥት አይደለም!» አብረን ሳቅን።

ተራ ቁጥር 22። «አዎ፣ ትመጣልኛለች። ጎበዝ ልጅ ናት።» ይህንንም ጻፍኩ። የሚመቸኝን ብቻ ከጻፍኩ ሪፖርቱን ከጻፉት በምን ተሻልኩ?

ተራ ቁጥር 9። ስልኩን ያነሳችው እናቱ ናት።

«ልጄ ሞቷል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስሙ አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ሰው እየመጣ ያጥበዋል ይላል?»

«ይላል።»

 

«አላገኘም ብለሽ ጻፊ። በደንብ አድርገሽ ጻፊ።»

6.

ያገኙ፦ ስድስት።

ያላገኙ፦ አሥራ ዘጠኝ።

የሞቱ፦ አራት።

አድራሻቸው የጠፋብኝ፦ ሁለት።

በሪፖርቱ ግን፦ ሁሉም ያገኙ።

7.

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ገዛኸኝ ወሬው ደርሷቸው ቤት ድረስ መጡ።

«እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ ተንከባካቢ ትመጣልሻለች። የጻፍሽበትን ወረቀት ስጪኝና በውስጥ እናስተካክለው።»

«አልፈልግም» አልኩ።

ሲወጡ የሺመቤት ወደ እኔ ዞረች። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

«አንቺ አልፈልግም ስትይ የሚሰበረው የኔ ወገብ ነው!»

እዚህ ላይ ጥሩ መልስ እንደመለስኩ አድርጌ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። እውነቱ ይህ ነው።

«ይቅርታ እትዬ» አልኩ። «አንቺ ወስኚ።»

ነጠላዋን ጎትታ ወጣች። ድምፅዋ በመስኮት ገባ።

«አቶ ገዛኸኝ! ይቁሙ እንጂ! ተንከባካቢዋን ይላኩ፣ መብቷ ነው፣ እንቀበላለን። ወረቀቱን ግን አላገኘውም ብለው ተስፋ ይቁረጡ!»

8.

ሪፖርቱ ለሕዝብ የሚቀርብበት አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። አራት ወንዶች ዊልቸሬን ሊሸከሙ ጎንበስ አሉ።

«አትንኩኝ። እኔ አልወጣም። ስብሰባው ይውረድ።»

ሳቁ። ከኋላዬ አቶ ወልደየስ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ቆመዋል። የተራ ቁጥር 9 እናት አለች። በክራንች የመጡ አሉ። አንዳችንም ወደ ደረጃው አልሄድንም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን።

ከዚያ ላይኛው ፎቅ ላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

ስብሰባው ወደ ግቢው ወረደ።

አቶ ገዛኸኝ፦ (ወረቀቴን ሳወጣ) ይሄ በግል የተሰበሰበ መረጃ ነው። ተቀባይነት የለውም።

እኔ፦ እሺ፣ ይቅር። የእርስዎን ዝርዝር ላንብበው። ስሙ የተጠራ ሰው ራሱ ይናገር።

ማንበብ ጀመርኩ። «አልመጣችም።» «አልመጣችም።» «ትመጣለች።» «አልመጣችም።» ዘጠነኛውን ስም ስጠራ እናቱ ተነሳች።

«የለም» አለች። «ተቀብሯል።»

 ከሠራተኞቹ መካከል ረድኤት ብድግ አለች፣ አለቃዋ ፊት። 

«ዓምዱ ተቀይሯል። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አይቻለሁ።»

9.

ሪፖርቱ ተሰረዘ። ረድኤት ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረች፤ ደብዳቤው «በራሷ ጥያቄ» ይላል፣ እሷ አልጠየቅኩም ትላለች። ከአሥራ ዘጠኛችን አሥራ አንዳችን ተንከባካቢ አገኘን። የኔዋ በመጣችበት ቀን የሺመቤት እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት ትንሽ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጋደም አለችና እስከ ምሳ ሰዓት ተኛች።

ስምንት ሰዎች ቀርተዋል። እየደወልኩ ነው። ይህ ግን የአንድ ቀበሌ ነገር ነው፤ የእናንተን ሰፈር ዝርዝር እኔ አላየሁትም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቁጥር፣ 10ን፣ እናንተ እንድትሞሉት ክፍት ትቼዋለሁ።

10.

ተራ ቁጥር፦

ስም፦

በወረቀቱ ላይ፦ አገልግሎት አግኝቷል።

በቤቱ፦

ሄዶ ያየው ሰው፦