አሥራ ሦስተኛው ወር በሰንጠረዡ ላይ

እስከ ታኅሣሥ አሥራ አምስት ቀን ድረስ የነገሩ ሁኔታ እንዲህ ነበር። ካርቱም፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሃያ ስምንት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከሰባት የእጅ ፓምፖች አራት አራት ጊዜ የተቀዱ ናቸው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንገት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። ቁጥሩን የጻፈችው፣ ውሃውን የቀዳችው፣ የለካችውም እፀገነት ዓለሙ ናት። በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ ሥራዋ «ጽዳት» ይላል። በመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሰው ሁሉ ኢቃማ በሚለው ካርድ ላይም፣ «ጽዳት» ይላል።

እፀገነት ደብረ ማርቆስ ሳለች የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበረች። የኬሚስትሪ ዲፕሎማ አላት፤ በውሃ ቢሮ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ካርቱም ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። የላቦራቶሪው ሁለት ቴክኒሻኖች ተከታትለው ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሲሄዱ፣ ባለቤቱ ዶክተር አብዱልወሃብ በምትካቸው ሰው አልቀጠሩም። አንድ ቀን እፀገነት ያጠበችውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ስትመረምር አዩዋትና፣ «አንቺ፣ ይሄን ነገር ታውቂዋለሽ እንዴ?» አሏት። ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ወለሉን ትወለውላለች፤ ከረፋዱ ጀምሮ ትለካለች፤ ማታ ዶክተሩ ይፈርማሉ።

ሰባቱን ፓምፖች ግን ማንም አላዘዛትም። የምትኖረው ካላክላ ነው፤ ከወሎ ከመጣችው ከፋጤ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው። በክረምቱ ዝናብ የሰፈሩ የመጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልተው ሲፈስሱ፣ ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሰባተኛው ፓምፕ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካችው፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። በማግስቱ ጠርሙስ ይዛ ወጣች።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሃው በሸክላ ሳህን ላይ እስኪደርቅ ይተናል። በደረቀው ላይ አሲድ ይጨመራል፤ ቀጥሎ አልካሊ ሲገባበት ቢጫ ይሆናል። ከመጸዳጃ ፍሳሽ ወደ ውሃው የሚገባው ኒትሬት በበዛ ቁጥር ቢጫው ይደምቃል። በሊትር ከሃምሳ ሚሊግራም በላይ ከሆነ ለሕፃን አይሰጥም። የሰባተኛው ፓምፕ ውሃ የእንቁላል አስኳል መሰለ፤ 116።

ዶክተሩ ቁጥሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማሻ አላህ! ይሄ ለማኅበሩ ዓመታዊ በዓል የሚሆን ሥራ ነው። በሁለታችን ስም እናቀርበዋለን» አሏት።

የከተማው ኬሚስቶች ማኅበር በየዓመቱ ለአንድ የተግባር ሥራ ሽልማት ይሰጣል። እፀገነት የምትፈልገው ሽልማቱን አልነበረም። የማኅበሩን ደንብ አንብባዋለች። በዓሉ ላይ በቀረበ ሥራ ስሙ የሰፈረ ማንኛውም ሰው በቴክኒሻንነት ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ኢቃማው ላይ ያለው ሙያ ይቀየርለታል። «ጽዳት» የሚለው ቃል በ«ቴክኒሻን» ይተካል። ለዚህ ብላ ሰማያዊ ደብተሯን ሰጠቻቸው። የአምዶቹን ርእስ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ አንድ በአንድ ተረጎመችላቸው፦ ፓምፕ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ውጤት። ቁጥሮቹ መተርጎም አላስፈለጋቸውም፤ ቁጥር ቁጥር ነው።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ውስጥ መቶ ሃያ ወንበር ተደርድሯል። እፀገነት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገብታ ጠረጴዛዎቹን አዘጋጀች፤ የውሃ ጠርሙስና የቴምር ሳህን ደረደረች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ ሽርጧን አውልቃ አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች። ፋጤ አል-ማንሺያ ከምትሠራበት ቤት ግማሽ ቀን ፈቃድ አግኝታ መጥታለች። ከኋላ ረድፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ስምሽን ሲጠሩ እልል ልበል?» አለች ፋጤ።

«አንቺ ደግሞ! ሰርግ መሰለሽ?»

«ወላሂ እላለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስምሽን የጠራው ፖሊስ ብቻ ነው።»

መብራቱ ጠፋና የሥራው ርእስ በግድግዳው ላይ በራ። ከሥሩ አንድ ስም ብቻ ነበር፦ ዶክተር አብዱልወሃብ። እፀገነት ጠበቀች። ምናልባት ቀጥሎ ይመጣል አለች በልቧ። ሁለተኛው ገጽ መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የላቦራቶሪው ሠራተኞች ስለ ትብብራቸው ይመሰገናሉ» የሚል ሰፍሯል። ትብብር! ሃያ ስምንት ጊዜ ጀሪካን ከያዙ ሴቶች ጋር ተሰልፋ የቀዳችው፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት ሃያ ስምንት ሳህን ያደረቀችው ትብብር ሆነ። እስከዚያች ደቂቃ ለሰውዬው የነበራት አንቱታ ከልቧ ወጣ፤ ተመልሶም አልገባም።

«የታለሽ?» አለች ፋጤ፣ ዓረብኛ ማንበብ ስለማትችል።

«የለሁም።»

«እንዴት የለሽም?»

«ዝም በይ፣ ፋጤ።»

አብዱልወሃብ ሰንጠረዡ የሚታይበትን ገጽ መልሶ አበራው። እፀገነት እንደ ልማዷ ከላይ ወደ ታች፣ አምድ በአምድ ፈተሸችው። ፓምፕ፣ ልክ ነው። ውጤት፣ ልክ ነው። ቀን ላይ ስትደርስ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ መልሳ አነበበችው። ሰውዬው እሷ እንደጻፈችው ገልብጦታል፤ አንድም ነገር አልቀየረም። ነሐሴዋ፣ ጳጉሜኗ፣ መስከረሟ ግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል።

ከፊተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱ። ኡስታዛ ኒዕማ ይባላሉ። አርባ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ የሽልማት ኮሚቴው አባል ናቸው።

«ዶክተር፣ አንድ ትንሽ ነገር። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ 6/13/2007 ይላል። አሥራ ሦስተኛው ወር የትኛው ነው?»

«እ... አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ ኡስታዛ። ስድስተኛው ወር፣ አሥራ ሦስተኛው ቀን ማለት ነው።»

«ጥሩ። ከእሱ በላይ 28/12 ይላል። አሜሪካኖች ሃያ ስምንት ወር አላቸው?»

አዳራሹ ሳቀ። አብዱልወሃብም አብሮ ሳቀ፤ ግንባሩ ግን አላበው።

«የጸሐፊ ስህተት ነው።»

«ዓመቱስ? 2007 ይላል። ላቦራቶሪህ የተከፈተው በ2012 ነው፤ የምረቃውን ቴምር በልቻለሁ። ሰዓቱስ? 1:30። በእኩለ ሌሊት ካላክላ ውስጥ ውሃ ስትቀዳ ውሾቹ አልነከሱህም?»

ሳቁ በረታ። እፀገነት አልሳቀችም። ሰዎቹ በእሷ ጳጉሜን፣ በእሷ ጠዋት ነበር የሚስቁት። ፋጤ ጎኗን ቆነጠጠቻት፤ «ያላ፣ ተነሺ!»

ተነሣች።

«ስህተት አይደለም» አለች በዓረብኛ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «እኛ ዘንድ ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው። የመጨረሻው አምስት ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት ስድስት ነበር። የዓመቱ ቁጥርም ከእናንተ ያንሳል። ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል በእናንተ ሰባት ተኩል ነው። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት ሰባተኛውን ፓምፕ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ውጤቱ 116 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ 109፤ ከዚያም በፊት 97። ወረቀት አልያዝኩም። እሱ ወረቀት ይዟል፤ የትኛው ፓምፕ ሰማያዊ እጀታ እንዳለው ጠይቁት።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«ተቀመጪ፣ ያ ቢት» አለ አብዱልወሃብ፣ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ ፈገግ አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። የእኛ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠርሙስ ታመጣልኝ ነበር፤ አንዳንድ ነገርም ስነግራት ትጽፋለች። ኢቃማዋን ጠይቋት፤ ሥራዋ ምን እንደሚል እዚያው ይታያል።»

ቃሉን በኢቃማዋ ላይ ያስጻፈው ራሱ ነው። ቃሉ እንዲቀየር ሥራዋን ሰጠችው፤ አሁን ያንኑ ቃል አንሥቶ አፏን ሊዘጋበት ነው።

«አንተ ነግረኸኝ ነው የጻፍኩት?» አለች። «በኢትዮጵያ ቀን ነው የምትነግረኝ?»

ከመካከል ረድፍ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሊቀመንበሩ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይወዱ ወፍራም ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የምስጋናው ገጽ ላይ ስሟን ብንጨምርስ? ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ኸላስ» አሉ።

«ምስጋና አልፈልግም» አለች እፀገነት። «የለካ ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ይታወቃል።»

ኡስታዛ ኒዕማ በበትራቸው ወለሉን ሁለቴ መቱ። «ሦስታችሁም አፋችሁን አታድክሙ። እኛ ኬሚስቶች ነን። ማክሰኞ የታሸገ ጠርሙስ አመጣለሁ። በውስጡ ያለውን ልክ የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ሁለቱም ይለኩት።»

«እኔ?» አለ አብዱልወሃብ። «እኔ ተማሪ ነኝ?»

«አይደለህም። ተማሪ ፈተና አይፈራም።»

እሑድ ጠዋት እፀገነት አርካዊት ስትደርስ ዘበኛው በሩን አልከፈተላትም። «ታዝዤ ነው፣ እህቴ» አለና መሬት መሬት አየ። ሽርጧንና ነጠላ ጫማዋን በፌስታል አሳልፎ ሰጣት። ደብተሯን ጠየቀችው፤ ስለ ደብተር የሚያውቀው ነገር የለም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በአንድ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ አምስት ሰዎች ተገኙ። አብዱልወሃብ በእሱ ቦታ ደብዳቤ ልኳል። ሊቀመንበሩ አነበቡት፤ እንዲህ ያለው ፈተና ለክብሩ እንደማይመጥን ይገልጻል። እፀገነት ስለ ክብር የሚያወራውን መስመር ስትሰማ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በተናደደ እጅ መለካት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃዎቹን በሙሉ፣ ንጹሕ የሆኑትንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አጠበች። ሰባት ዓመት በማጠብ ስላሳለፈች ቁጣዋን የምታበርድበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ስትጨርስ እጇ ጸንቷል።

ከሊቀመንበሩ ጎን የቆመ አንድ ወጣት መምህር፣ «የታጠበ ዕቃ ለምን ታጥባለች?» ብሎ አንሾካሾከ።

«ማን እንዳጠበው ስለማታውቅ ነዋ» አሉት ኡስታዛ ኒዕማ። «አንተም ብትለምድ ጥሩ ነው።»

ከዚያው ጠርሙስ ሦስት ጊዜ እየቀዳች ሦስት ሳህን አደረቀች። አሲዱን ጨመረች፤ አልካሊውን ጨመረች፤ ቢጫው መጣ። መሣሪያው ላይ አንብባ ሦስቱን ቁጥር በወረቀት ጻፈች፦ 84.2፣ 84.9፣ 84.7። አማካዩ 84.6። ኡስታዛ ኒዕማ ከቦርሳቸው ፖስታ አውጥተው በጥርሳቸው ቀደዱትና ወረቀቱን ለሁሉም አሳዩ። 85.0 ይላል። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«ቢንቲ» አሉ ኡስታዛ ኒዕማ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ራሴ ጠርሙሱን ሳዘጋጅ ከዚህ የበለጠ ስቼ ይሆናል።»

የኮሚቴው ውሳኔ በሦስተኛው ቀን ወጣ። በዚህ ዓመት ተሸላሚ የለም። ምክንያቱ «የቀን አጻጻፍ አለመጣጣም» ነው ተባለ። ስርቆት የሚለው ቃል የትም አልተጻፈም። አብዱልወሃብ የማኅበሩ አባል ሆኖ ቀጠለ፤ ሰማያዊው ደብተርም እሱ ዘንድ ቀረ። ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ለእፀገነት ሲሰጧት፣ «እንግዲህ ይበቃሻል፣ ረክተሻል» አሏት።

«አልረካሁም» አለች። «አንድም ሰው ስለ ሰባተኛው ፓምፕ አልጠየቀም። መቶ ሃያ ኬሚስት 116 የሚል ቁጥር ግድግዳ ላይ አይታችሁ በወሩ ሳቃችሁ። ሴቶቹ ዛሬም ከዚያው እየቀዱ ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቶቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ኡስታዛ ኒዕማ ግን የማኅበሩን መዝገብ ስበው በቴክኒሻኖች ገጽ ላይ አርባ አንደኛውን መስመር ሞሉ። ስሟን እንዴት እንደሚጽፉት ሁለቴ ጠየቋት። ከዚያ ባዶ የውጤት ቅጽ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር ሰጧት። «ሄደሽ ቅጂ፤ በኮሌጁ ላቦራቶሪ ለኪው። ያለ ስም የሰፈሩ ኮሚቴ አይሰማሽም፤ አሁን ስም አለሽ» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ካላክላ ሰባተኛው ፓምፕ ዘንድ ስትደርስ ሰልፉ እንደወትሮው ነበር። ፋጤ ጠርሙሱን ያዘችላት፤ «ይሄንንስ ቀን በማን አቆጣጠር ልትጽፊው ነው?» አለቻት።

እፀገነት ብዕሯን አውጥታ የቀኑን መስመር ሞላች። ቅጹ ከአራት ቀን በኋላ ለሰፈሩ ኮሚቴ ገባ፤ በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ማንም እንዳይቀዳበት የሰባተኛውን ፓምፕ ሰማያዊ እጀታ ፈትተው ወሰዱት። የቅጹ ግልባጭ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ አለ። ቀን፦ 23/4/2008። ሰዓት፦ 1:30። የለካችው፦ እፀገነት ዓለሙ። ፓምፕ፦ 7። ውጤት፦ በሊትር 121 ሚሊግራም።