በስልክ የታከመ ቁጥቋጦ

"ኧረ በፈጠራችሁ ባልዲውን አስቀምጡት!" ብላ ጮኸች ልጅቷ ከደረጃው ላይ።

አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰዉ ሊያጽናናት ይመጣል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ሲወጣ በር ላይ የተደረደሩትን አምስት የጌጥ ቁጥቋጦዎች ያያል። ቅጠላቸው ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ሆኗል። ከዚያማ ሁሉም ሐኪም ነው! አንዷ "ፀሐይ መትቶት ነው" ትላለች፣ ሌላው "ትል ነው" ይላል። አክስቷ ደግሞ "ጌታቸውን አጥተው፣ አዝነው ነው እንጂ" ትላለች። በሽታው ሺህ፣ መድኃኒቱ ግን አንድ፦ ውሃ።

ችግኝ ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት የሠራችው እሷ፤ የሚሰማት ግን የለም።

"ጠምቶት አይደለም እኮ አልኳችሁ!"

ተንበርክካ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። ጭቃ ነው። ሥሩን ገለጥ ብታደርገው ጠቁሯል፣ ይሸታል።

"ይኸው፣ በስብሷል! ደግሞ ይሄ የሦስት ቀን ሥራ አይደለም። ማነው እንዲህ ሲያጠጣው የከረመው?"

"ወንድሜ ነዋ፣ አባትሽ" አለች አክስቷ። "ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ። ወገብህን እያመመህ ተው እንጂ ስለው፣ 'ያዘዘችው ልጄ ናት፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ' ብሎ አባረረኝ።"

ልጅቷ የያዘችውን ሥር ለቀቀችው።

ከሁለት ወር በፊት ሥራ ቦታ ደውሎላት ነበር። መኪና ላይ ችግኝ እያስጫነች ነው ያነሳችው።

"ልጄ፣ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ እየጠቆረብኝ ነው። እሑድ ብቅ ብለሽ እይልኝ።"

"ጠምቶት ነዋ አባዬ! አጠጣው በቃ" ብላ ዘጋችው።

ለማንም ደንበኛ መጀመሪያ የምትለው "ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ" ነው። ለአባቷ ይቺን እንኳ አላለችም። እሱም አመናት፤ ቅጠሉ በባሰበት ቁጥር ውሃ ጨመረለት። ምናልባትም የፈለገው እሷን ማየት ነበር። በገዛ ራሷ ተናደደች፤ አፈሩ እንዲተነፍስ በሁለት እጇ ትቆፍር ጀመር።

ጎረቤታቸው አናጢው ገብቶ እጁን ዘረጋላት።

"እግዜር ያጽናሽ። ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የደረቀው?"

"እኔ ነኝ" አለችው። "መጥቼ ሳላይ አባዬን አጠጣው አልኩት።"

እጇ ጭቃ ስለነበር የእጇን አንጓ ሰጠችው። ጨበጥ አድርጎ ለቀቃት፤ እሷ ግን ገና እንዲይዛት የፈለገች ይመስል ክንዷን አልሰበሰበችም።