አንሶላ ማራገፍ የተከለከለበት ሳምንት

ከሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሆስፒታሉ ቅጥር ግቢ ውስጥ አንሶላ ማራገፍ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑ ተገለጸልን። ወረቀቱ ማኅተም ነበረበት። ያነበበችልን የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ሲስተር ስትሆን፣ ላውንደሪ ያለነው አራት ሰዎች ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈን ሰማን።

«ያገለገለ አንሶላ አይራገፍም። እዚያው አልጋው አጠገብ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ከረጢቱ ይታሰራል። እዚህ ሲደርስ በጓንት ተይዞ በቀጥታ ወደ ማሽን። ደረት ላይ አይታቀፍም፣ መሬት ለመሬት አይጎተትም። ኤምፖክስ ቁስሉን በመንካት ብቻ ሳይሆን ቁስሉ የነካውን ጨርቅ በመንካትም ይይዛል። ጥያቄ?»

«ይሄ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚሉት ነው?» አለች ራዲዮ። ካውያ ላይ የምትሠራው እሷ ናት። ስሙን ያወጣንላት ከገባች እስክትወጣ ስለማትዘጋ ነው።

«ኤምፖክስ በይው።»

«ምነው፣ ዝንጀሮው ከሰሰ?»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ሰዓት መሳቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ክልከላው የከበደው ለእታባ ነበር። እታባ ሃያ ሰባት ዓመት አንሶላ ስታራግፍ ኖራለች። ሁለቱን ጫፍ ይዛ አንዴ ጧ ስታደርገው በውስጡ የተረሳ መቀስ፣ መርፌ፣ ማንኪያ ሁሉ ዱብ ዱብ ይላል። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ስለሆንኩ ስንት ጉድ እንዳስቀረችልኝ አውቃለሁ። በክልከላው ማግስት ማሽኑ ውስጥ ሲንቋቋ ያረፈደ ነገር ነበር፤ ውሃው ሲያልቅ ከፍቼ ባይ የአንድ ሰው ሙሉ የላይ ጥርስ ነው። በበረኪና ታጥቦ እንደ አዲስ ያበራል። አራተኛዋ፣ አለቃችን፣ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ክፍሎቹ ወሰደችው። ባለቤቱ ተገኘ፤ አመሰገነ አሉ፣ ከዚያ በኋላ አፉ ውስጥ አልከተተውም እንጂ።

ሌላው ነገር፣ ክልከላው የመጣው ኤምፖክስ የተገኘበት ሕመምተኛ ሆስፒታል ከገባ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። መጀመሪያ አለርጂ ነው ተብሎ ከሌሎች ጋር ተኝቶ ነበር። ያን ሁሉ ቀን የእሱን አንሶላ ማን ሲያራግፍ እንደከረመ የጠየቀ የለም። እኛም ሳንጠየቅ የመመለስ ልማድ የለንም።

ጓንቱ ሰኞ በካርቶን መጣ፣ ማክሰኞ አለቀ። አለቃችን ግን «ጓንት ታድሏል» በሚለው ቅጽ ላይ በየጠዋቱ መፈረሟን አላቋረጠችም።

«ግምጃ ቤት ደውዬ ነበር፣ መንገድ ላይ ነው አሉኝ።»

«በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች ራዲዮ።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ባዶ ቅጽ ልመልስ? ባዶ ቅጽ ከመለስኩ እኔኑ ነው የሚጠሩኝ።»

እናም ከረጢቱን በባዶ እጃችን መፍታት ቀጠልን። አናራግፍም ብቻ። መመሪያው ተከበረ።

ረቡዕ ዕለት እታባ ዱቄት ሳሙና ልትጨምር እጅጌዋን ስትሰበስብ አየሁት። አንጓዋ ላይ ምስር የሚያካክሉ ሦስት ውሃ የቋጠሩ ነገሮች፣ መሀል መሀላቸው ጎድጎድ ያለ።

«እታባ፣ ምን ነካሽ?»

«ካውያ ነው።»

እታባ ካውያ አጠገብ ደርሳ አታውቅም። ካውያው ያለው በሌላው ጥግ ነው።

«ካውያ ክፉ ነው» አልኩ።

ራዲዮ ቀና ብላ አየችን። ካውያውን ከጨርቁ ላይ አንስታ አቆመችው። «የኔ ጥፋት ነው» አለች፣ «ስታልፍ አላየኋትም።» አለቃችን ደግሞ «ቅባት ነገር ቀቢበት» ብላ ፊቷን ወደ ከረጢቶቹ አዞረች። እንዲህ ሆኖ በአራት ሰው ምስክርነት ካውያ ሆነ።

ለምን ካውያ እንዲሆን እንደተፈለገ ሁላችንም እናውቃለን። የእታባ ልጅ ሩቅ አገር አግብታ፣ ስድስት ዓመት ስትጠብቅ ቆይታ፣ በስንት ስጋት ወንድ ልጅ ወልዳለች። አርብ ትገባለች። እናቷ ቤት አንድ ወር ትቀመጣለች። ሕፃኑ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ እታባ በስልክ ከላኩላት ፎቶ በቀር አላየችውም። ፎቶውን እኛም አይተነዋል፣ ራዲዮ ስክሪኑን ስማዋለች፣ አለቃችን አፍንጫው የአያቱ ነው ብላለች። የየትኛው አያቱ እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ሲስተር ደግሞ ሽፍታ የወጣበት ሰው ወዲያው እንዲያመለክት ነግራናለች። ይመረመራል፤ ከተገኘበት ቅርፊቱ ረግፎ አዲስ ቆዳ እስኪወጣ ተለይቶ ይቀመጣል። ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ አራት። ሕፃናት ላይ ይጸናል ብላለች። ወሩ የት እንደሚሄድ ለማስላት እርሳስ አያስፈልግም።

«ጠቅልዬ ነው የማቅፈው» አለችኝ እታባ ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ። «ረጅም እጅጌ እለብሳለሁ። ፊቴን አላስጠጋውም። አንድ ጊዜ ብቻ ክብደቱን ባየው…»

ጨርቁስ፣ ልላት ነበር። ማሽኑ ጮኸ። ባይጮህም አልላትም ነበር።

ሐሙስ አተኮሳት። አገጯ ሥር ንፍፊት አብጦ አንገቷን ስታዞር ከነትከሻዋ ነው። ሲስተር ለዕለቱ ምርመራ ቅጿን ይዛ መጣች።

«ትኩሳት ያለው?»

«የለም» አልን።

«ሽፍታ?»

«የለም።»

«ንፍፊት?»

«ኧረ የለም።»

ሲስተር እታባን አየቻት። እንፋሎቱ ግድግዳውን ያላብሰዋል፣ እታባ እስከ ጣቷ ጫፍ ለብሳለች።

«በዚህ ሙቀት?»

«በርዶኝ ነው የኔ ልጅ።»

ሲስተር ብዕሯን ቅጹ ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ማግለያ ክፍሏ ሁለት አልጋ ነው ያለው፣ ሁለቱም ተይዘዋል፤ ሦስተኛ እንዲሰጧት ደብዳቤ ከጻፈች ሰንብታለች። አንድ ሰው በበረደው ቁጥር አልጋ ከየት ታመጣለች? «እሺ» ብላ ምልክት አደረገች። እኛም ወደ ሥራችን፣ እሷም ወደ ሥራዋ። እታባ ከረጢት ልታነሳ ጎንበስ ብላ ሳታነሳው ቀና አለች። ራዲዮ መጥታ አነሳችላት። በባዶ እጇ።

አርብ ረፋድ ላይ ሲስተር የሳምንቱን ማጠቃለያ ልታስፈርም መጥታ አለቃችን ብዕር ስትፈልግ፣ በሩ ተንኳኳና አንዲት ቀጭን ሴት ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለች።

«እማዬ!»

እታባ ማታ ቤት ነበር የምትጠብቃት።

«ክትባቱ ቀኑ ስለደረሰ እግረ መንገዴን እዚሁ አስከተብኩት። እስከ ማታ ማን ይጠብቃል ብዬ መጣሁ። እንኩ፣ የልጅ ልጅዎ!» ሳቀች፤ በእርስዎ የጠራቻት ለቀልድ ነው። ከዚያ ሕፃኑን በሁለት እጇ ዘረጋች። «ያዢው እስቲ እማዬ፣ እጄ ዛለ።»

የእታባ እጆች ተነሡ። ደረቷ ድረስ መጡ። ከዚያ ወደ ኋላዋ ሄዱ።

«እጄ… ርጥብ ነው።»

«ማሽን አይደል እንዴ የሚያጥበው?» አለች ልጅቷ እየሳቀች፣ ወደ ራዲዮ ዞረች። «እሺ አንቺ ያዢልኝ፣ ቦርሳዬን ላውርድ።»

ራዲዮ ከካውያው ጠረጴዛ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

«እትዬ?» አለች ወደ አለቃችን ዞራ።

አለቃችን ብዕሩን አገኘችው፣ ግን አጎንብሳ መፈለጓን ቀጠለች።

«ጋሼ፣ እርስዎስ? አይከብድም እኮ።»

እጆቼን ኪሴ ውስጥ ሳገኛቸው መቼ እንደገቡ አላወቅኩም።

ማሽኑ ቆሞ ነበር። ሲስተር ከእታባ ጀምራ በየተራ አየችን፣ እጅ እጃችንን፤ ማለትም እጃችን ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ። ያልተፈረመውን ማጠቃለያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

የልጅቷ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። ዘርግታው የነበረውን ሕፃን ወደ ደረቷ መለሰችው። ማንም ሳይነግራት ከደፉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«እዚያው ሁኚ» አለች እታባ። ድምጿ ደህና ነበር። «አትግቢ። እዚያው ሆነሽ ፊቱን ግለጪልኝ።»

ልጅቷ ከሕፃኑ ፊት ላይ ጨርቁን ገለጠች።