የሁሉም ሰው የሕይወት ታሪክ

ቢቸና ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው የነፍስ አባት ነበር፤ ቀጥሎ መምህር ፍቅረ ሥላሴ። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ያውም ገና ወጣት አስተማሪ ሳለ በገዛው ኮምፒውተር። ዕቃው ጥቁር ስክሪንና አረንጓዴ ፊደል አለው፤ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። በሚጎርሰው ፍሎፒ ዲስክ ላይ የተቀመጠው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፦ «ደግ፣ ሰው ወዳድ፣ ለተራበ አጉራሽ፣ ለታረዘ አልባሽ ነበሩ።» ፍቅረ ሥላሴ የቀድሞውን ሟች ስምና የአዲሱን ስም ይነግረዋል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሟቹ ይለወጣል። በዚህ የተነሣ ስንት ዓመት ሙሉ ቢቸና ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልተቀበረም።

ሚስቱ ሀብትነሽ የሞጣ ልጅ ናት፤ አፏ ስለት። ከቀብር በተመለሱ ቁጥር «ዛሬስ ማንን አጽድቀህ ላክህ?» ትለው ነበር። ድንበር ሲገፋ የኖረው ጎረቤታቸው ፋንታ የተቀበረ ዕለት ሳቋን በነጠላዋ አፍና ቤት ገባች።

«እኔን በዚህ እንዳትቀብረኝ» አለችው። «የሰው ልብስ ለብሼ አልሄድም።»

እሺ አላት። ባል መቼም ሁሉንም እሺ ይላል።

ሀብትነሽ አንድ ማለዳ አረፈች። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ወንድሟ አምላኩ ወገኑን ይዞ ከሞጣ ደረሰና፣ አልቅሶ ሲያበቃ ፍቅረ ሥላሴን ከሐዘን ፍራሹ አስነሣው፤ ያንን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለማ።

«ያችኑ ደኅናዪቱን ጽሑፍ አድርግላት። የሞጣ ሰው ቆሞ ይሰማል፤ እኅቴ ከማን አንሳ?»

«በዚያ እንዳትቀብረኝ ብላኛለች።»

«እሷ ምን የማትለው ነገር ነበር? ስሙን ብቻ ቀይረው።»

ፍቅረ ሥላሴ ተቀምጦ ስሙን ቀየረ፤ ቁልፉን ተጫነ። ሀብትነሽ ደግ፣ ሰው ወዳድ፣ ለተራበ አጉራሽ ሆና ወጣች። አነበበው። ይህችን ሴት አያውቃትም። ከጠዋት ጀምሮ እንቢ ያለው ዕንባ ያን ጊዜ መጣ።

ኮምፒውተሩ በጅምላ መሰረዝ አያውቅም፤ ከመጨረሻው ተነሥቶ ፊደል በፊደል ወደኋላ መብላት ብቻ ነው። ፍቅረ ሥላሴ ጀመረ። አልባሽነቷ ሄደ፤ አጉራሽነቷ ሄደ፤ ሰው ወዳድነቷም ሄደ። አምላኩ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ደግ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ጥቂት አሰበና እሷንም አጠፋት። ስሟ ብቻ ቀረ። ከስሟ ቀጥሎ ይጽፍ ጀመር። ሲጨርስ ኮምፒውተሩ የድሮውን ጽሑፍ በአዲሱ ይተካው እንደሆነ ጠየቀው። አዎ አለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የደብሩ ጸሐፊ የታተመውን ወረቀት ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ፤ መሐል ላይ ቀና ብሎ ባልየውን አየውና ቀጠለ።

«ሀብትነሽ ሰው ቶሎ አትወድም ነበር። ሐሰት ሰምታ ዝም አትልም። ባሏን ግን ችላው ኖራለች። እንዴት እንደቻለችው ባሏ አያውቅም። አሁን ያለ እሷ እንዴት እንደሚኖርም አያውቅም።»

የሞጣ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አምላኩ አፉን በጋቢው አፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«እሷው ናት» አለ።